ከኤረር በር እስከ ኤረር ሸለቆ

አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ በ16ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሐረርን በግንብ ሲያጥሩ የሠጉት ከሰው ነበር። የኢማም አሕመድ ጦርነት አብቅቶ አገሩ ደክሟል፤ ረኀብ ገብቷል፤ ከደቡብ የሚመጣው የኦሮሞ መስፋፋት ከከተማዋ ደጅ ደርሷል። ግንቡ ጀጎል ተባለ። ዙሪያው ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ሲሆን በአምስት በሮች ይዘጋ ነበር። ከአምስቱ አንዱ፣ ወደ ምሥራቅ የሚያስወጣው፣ ኤረር በር ነው። ያ በር ስሙን የሚጋራው ሸለቆ ከከተማዋ ቁልቁል ወርዶ ወደ ዋቢ ሸበሌ ይዘልቃል፤ ይህ ታሪክም በአብዛኛው የዚያ ሸለቆ ታሪክ ነው።

ግንቡ ግን ለሰው ከተሠሩት በሮች ሌላ ከሥሩ ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉት። ሐረሪዎች ዋራባ ኑዱል ይሏቸዋል፤ የጅብ ቀዳዳ ማለት ነው። ሲመሽ በሮቹ ይዘጋሉ፤ ጅቡ ግን በቀዳዳው ይገባል። በጠባቦቹ መተላለፊያዎች እየተዘዋወረ ቆሻሻውን፣ አጥንቱንና የታረደውን ከብት ትርፍራፊ ጠራርጎ ሳይነጋ ይወጣል። ጅብ ሰይጣን ይበላል፣ ጂንን ያባርራል ብለው የሚያምኑም አሉ። በሽማግሌዎች አፍ የሚተላለፈው ታሪክ ደግሞ እንዲህ ይላል፦ በአንድ ክፉ የረኀብ ዘመን ጅቦች ሰው መብላት ሲጀምሩ የከተማዋ ወልዮች ተሰብስበው መከሩ፤ ገንፎ አሠርተው፣ ቅቤ አፍስሰውበት ለጅቦቹ አቀረቡ፤ ጅቦቹም በሉና ሰውን ተዉ። እስከ ዛሬ በሙሐረም ወር በዐሹራ ዕለት ገንፎው ይቀርብላቸዋል። አበላላቸው ታይቶም የሚመጣው ዓመት ምን ይዞ እንደሚመጣ ይተነበያል።

ይህን ልማድ ለጎብኚ የሚነገር ተረት አድርጎ ማለፍ ይቻላል። እኔ ግን በአገራችን ካሉት የዱር እንስሳት ጥበቃዎች ሁሉ ዕድሜው የረዘመው ይህ ይመስለኛል። ማንም አላወጀውም፤ በጀት አልተያዘለትም፤ ዘብ አልቆመለትም። ሰው ከአውሬው ጋር የሚካፈለውን ለይቶ አስቀመጠ፣ መግቢያና መውጫ ሰጠው፣ ሰዓቱን ደለደለለት። ጅቡም ከዘመን ዘመን ኖረ።

ዝሆን ያን ዕድል አላገኘም። ሐረር ዝሆንን የምታውቀው በጥርሱ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከተማዋ በደጋውና በዘይላ ወደብ መካከል የተቀመጠች ገበያ ነበረች። ቡና፣ ቆዳ፣ የጥርኝ ዝባድና የዝሆን ጥርስ በግመል እየተጫነ ወደ ባሕር ይወርድ ነበር፤ ጨው፣ ጨርቅና ጠመንጃ ደግሞ ወደ ላይ ይወጣ ነበር። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በጥር ወር 1855 (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ወደ ከተማዋ ሲገባ ይህ ንግድ ዱሮውንም የቆየ ነበር። በ1875 ግብፆች ሐረርን ያዙ፤ ከአምስት ዓመት በኋላ በታኅሣሥ ወር ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ የአንድ ነጋዴ ድርጅት ወኪል ሆኖ መጣ። ቡናና ቆዳ ይገዛ ነበር፤ የዝሆን ጥርስም ከንግዱ አንዱ ነበር።

በ1887 መጀመሪያ ዳግማዊ ምኒልክ ጨለንቆ ላይ አሚር አብዱላሂን ድል ነሥተው ሐረርን ሲይዙ አገሩ ኋላ ራስ ለተባሉት ለመኮንን ተሰጠ። ንግዱ አልቆመም። ይልቁንም አዲሱ ጠመንጃ ከአሮጌው የገዳይ ክብር ጋር ተገናኘ። ዝሆን የገደለ ሰው ይፎክራል፣ ይዘፈንለታል፣ ጉትቻ ያጠልቃል፤ ጥርሱም ወደ ሹም ቤትና ወደ ገበያ ይሄዳል። በጦርና በጎራዴ የሚደረግ አደን ሰውየውን ሊገድለው ስለሚችል መጠኑ ውሱን ነበር። ፈጣን ጠመንጃ ሲመጣ ያ ልክ ተነሣ። ካፒቴን ስዌን የተባለው እንግሊዛዊ መኮንን በ1890ዎቹ በሶማሌ ምድር ዝሆን ሲያድን ገና መንጋ ያገኝ ነበር። በቀጣዩ ክፍለ ዘመን ግን ከዚያው ምድር፣ ከበርበራ ጀርባ ካሉት ተራሮች ሳይቀር፣ ዝሆን ጠፋ። በምሥራቁ የአፍሪካ ቀንድ የቀረው ከሐረር በስተደቡብና ደቡብ ምሥራቅ ባሉት ሸለቆዎች የተጠለለው ብቻ ሆነ፦ በኤረር፣ በጎበሌ፣ በዳካታ።

ሳይንስ ይህን ዝሆን የመዘገበው ሊጠፋ በተቃረበበት ዘመን ነው። በ1907 እንግሊዛዊው የእንስሳት ሊቅ ሪቻርድ ላይዴከር ጆሮውን መርምሮ ከሌላው የአፍሪካ ዝሆን የተለየ ወገን ነው ብሎ ኦርሊያንሲ የሚል የላቲን ስም ሰጠው፤ ስሙ የመጣው ከኦርሌያን ቤት ከሆነ ፈረንሳዊ ልዑል ነው። በእርግጥ የተለየ ንዑስ ዝርያ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልተዘጋም። ለእኔ ግን ከስሙ ይልቅ የሚከብደው ሌላ ነገር ነው፦ እነዚህ ዝሆኖች ከሌላ የዝሆን መንጋ ጋር የሚገናኙበት መንገድ ከብዙ ዘመን በፊት ተቆርጧል። እነሱ ካለቁ በቦታቸው ከጎረቤት የሚመጣ ዝሆን የለም።

በዚያው ጊዜ አካባቢ የምኒልክ መንግሥት ዝሆን ማደንን የሚገድብ ደንብ አወጣ፤ ከዘመናዊዎቹ የአደን ሕጎቻችን የመጀመሪያው እሱ ነው። ቀጥሎ በ1944 የአውሬ ጥበቃ አዋጅ መጣ። ሁለቱም ማን ያድን፣ ምን ያድን፣ በምን ፈቃድ ያድን የሚሉ ነበሩ። አውሬው የት ይኑር የሚለው ጥያቄ ገና አልተነሣም ነበር።

ጥያቄው የተነሣው በ1960ዎቹ ነው። ከሐረር ብዙ በማይርቀው በኤጀርሳ ጎሮ የተወለዱት፣ በወጣትነታቸውም ሐረርን ያስተዳደሩት ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ የዩኔስኮን ባለሙያዎች ጋበዙ። በ1963 በሰር ጁሊያን ሃክስሌይ የሚመራ ቡድን አገሩን ዞሮ አየና ፓርኮች እንዲከለሉ መከረ። ብዙም ሳይቆይ የዱር እንስሳት ጥበቃ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ፤ በ1966 ደግሞ የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ተመሠረተ። በ1969 የስሜን ተራሮችና የአዋሽ ብሔራዊ ፓርኮች በነጋሪት ጋዜጣ ታወጁ። በተራራው አናት ዋልያ፣ በስምጥ ሸለቆው ሳላ ስፍራ ተሰጣቸው።

በ1970 ተራው የሐረር ዝሆን ሆነ። የባቢሌ ዝሆኖች መጠለያ ተብሎ ወደ 7,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መሬት ተከለለ። ስሙ የተወሰደው ከሐረር ወደ ጅጅጋ በሚወስደው መንገድ ላይ ካለችው፣ በለውዟና በማዕድን ውሃዋ ከምትታወቀው የባቢሌ ከተማ ነው። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተቀምጦ የሚታይበት የዳካታ ሸለቆ ለመንገደኛው ሁሉ የታወቀ ነው። ከዚያ ወደ ደቡብ ግን ምድሩ ይሰነጠቃል፤ ግራርና ከርቤ የሚያበቅለው ቆላ ይጀምራል፤ የቁልቋሉ በለስ እንደ አጥር ተጠላልፎ ኮረብታውን ይሸፍናል። ይህ በለስ ከባሕር ማዶ የመጣ ተክል ነው። ከብቱም ሰውም ያማርሩበታል፤ ዝሆኑ ግን ከነእሾኹ ይበላዋል፤ በደረቁ ወራት ከዋና ምግቦቹ አንዱ ነው። ጥቁር ጋማ ያለው አንበሳም ከዚሁ ቆላ ይቆጠራል።

መጠለያው ከመጀመሪያው አንድ ጉድለት ነበረበት። ስሜንና አዋሽ በአዋጅ ሲጸኑ ባቢሌ በነጋሪት ጋዜጣ ሳይወጣ ለአሥርተ ዓመታት ቆየ። በካርታ ላይ አለ፤ በሕግ ፊት ግን ወሰኑ የላላ ነበር። በውስጡ የሚኖረው የኦሮሞ ገበሬና የሶማሌ አርብቶ አደር አንዳንዱ መስመር መሰመሩን እንኳ አልሰማም። ለጅብ ቀዳዳ የከፈቱት ሐረሪዎች ቀዳዳው የት እንደሚሆን፣ ገንፎው የት እንደሚቀርብ ራሳቸው ወሰኑ። የዝሆኑን ወሰን ያሰመሩት ግን ከእሱ ጋር የማይኖሩ ሰዎች ናቸው። ከዚያ በኋላ የሆነውን አብዛኛውን ነገር ሳነብ ሥሩን የማገኘው እዚህ ላይ ነው።

በነዚያው ዓመታት በሐረር ከተማ ሌላ ነገር እየተለመደ መጣ። ከጀጎል ውጭ ሲመሽ ለጅቦች ሥጋ የሚያበሉ ሰዎች፣ ዱሮ ለራሳቸውና ለከብቶቻቸው ሰላም ያደርጉት የነበረውን፣ በእንግዳ ፊት ማድረግ ጀመሩ። ከ1960ዎቹ ወዲህ ሐረር የመጣ ጎብኚ ያን ሳያይ አይሄድም። ጅቦቹ በስም ይጠራሉ፤ ሥጋው በእንጨት ጫፍ፣ አንዳንዴም በአፍ ተይዞ ይሰጣል። ከገንዘቡ ባሻገር ሰውየው መንጋውን አንድ በአንድ ያውቃል፤ የትኛዋ እናት እንደሆነች፣ የትኛው ከሌላ መንጋ እንደመጣ ይለያል። ይህ እውቀት ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል።

ወደ ቆላው እንመለስ። በ1974 ንጉሠ ነገሥቱ ወረዱ። የዱር እንስሳት ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ግን ሥራውን ቀጠለ፤ በ1976 አማካሪው ጆን ስቲቨንሰን የሐረርጌን ዝሆኖች አጥንቶ ጻፈ። ኋላ የመጡ ተመራማሪዎች የዝሆኑ ግዛት ምን ያህል እንደጠበበ የሚለኩት ከዚያ ጽሑፍ ተነሥተው ነው። በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ውስጥ በጀርመን ድጋፍ የእፅዋት ዘር ማዕከል ተከፈተ፤ ማሽላው፣ ገብሱና ጤፉ በቀዝቃዛ ክፍል ይቀመጥ ጀመር። ዘር በማሰሮ ማስቀመጥ ይቻላል። ዝሆን ግን የሚቀመጠው በመሬቱ ላይ ብቻ ነው፤ መሬቱም ወዲያው ጦርነት ገባበት።

በ1977 የሶማሊያ ጦር ወረራ ጀመረ። በመስከረም ጅጅጋ ወደቀች፤ ውጊያው እስከ ሐረር ደጃፍ ደረሰ። ከተማዋ ሳትያዝ ቀረች፤ በ1978 መጀመሪያ ወራሪው ጦር ተገፍቶ ወጣ። ያ ሁሉ መድፍና ታንክ የተመላለሰው በዝሆኑ ምድር ዙሪያ ነው። ጦርነቱ ካለፈ በኋላም ስደተኛው፣ ወታደሩና በየእጁ የቀረው ጠመንጃ አላለፉም። በ1991 ደርግ ሲወድቅ ደግሞ በብዙ የአገራችን ፓርኮች ጽሕፈት ቤቶች ተዘረፉ፣ ስካውቶች የሚባሉት ጠባቂዎች ተበተኑ። በኤረር ሸለቆ ወንዙ የሚደርስበት መሬት መታረስ ጀመረ፤ በመስኖ ጫት፣ ሽንኩርትና በቆሎ ገባ። አርሶ አደሩ መሬት የለውም፤ ውሃ ያለውም እዚያ ነው። ዝሆኑም ውሃ ፍለጋ የሚመጣው እዚያው ነው።

ኢትዮጵያ በ1989 የዱር እንስሳትና እፅዋት ንግድን የሚቆጣጠረውን ዓለም አቀፍ ስምምነት ተቀላቀለች፤ በዚያው ዓመት ስምምነቱ የአፍሪካን ዝሆን ጥርስ ዓለም አቀፍ ንግድ አገደ። በ1994 የብዝኀ ሕይወት ስምምነትን አጸደቀች። ይህ ሁሉ በወረቀት ላይ ነበር። በሐረርጌ ደጋ ላይ ደግሞ ሌላ ማስጠንቀቂያ በዓይን ይታይ ጀመር፦ ለሐረር የመጠጥ ውሃ ይሰጥ የነበረው የሐረማያ ሐይቅ በየዓመቱ እየሸሸ በ2000ዎቹ አጋማሽ ደረቀ። የሞተር ፓምፑ፣ የጫት መስኖውና ከተራቆተው ተራራ የሚወርደው ደለል ጨረሱት። ዳርቻው ላይ የቆመው የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ደረቅ መሬት ላይ ቀረ። በኋለኞቹ ዓመታት ውሃው ተመልሷል፤ ሐረር ግን ውሃ ማለት ምን ማለት እንደሆነ በዚያ ድርቀት በደንብ ታውቃለች።

ሐይቁ በደረቀበት ዘመን ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ይርመድ ደመቀ በቆላው ውስጥ ዝሆኖቹን ይከታተል ነበር። ቁጥቋጦው ጥቅጥቅ ያለ፣ መሬቱም ገደላማ ስለሆነ የባቢሌ ዝሆን እንደ ሳር ሜዳ ዝሆን ከሩቅ አይቆጠርም፤ ዱካውን፣ ፋንድያውንና የተሰበረውን ቅርንጫፍ መከተል ያስፈልጋል። ግምቱ 324 ያህል ነበር። ቁጥሩ ለሰሚው ተስፋ ይሰጣል። ከቁጥሩ ጎን ያለው ውጤት ግን ያስደነግጣል፦ ዝሆኖቹ በ1976 ይመላለሱበት ከነበረው ግዛት ሁለት ሦስተኛው ያህል ከእጃቸው ወጥቷል። ዝሆኑ አላለቀም፤ ተጨናነቀ። በኤረርና በጎበሌ ሸለቆዎች መካከል በየወቅቱ ሲያቋርጥ እርሻ ላይ ይወጣል፤ ማሽላ ይበላል፤ ገበሬው ማማ ላይ ያድራል፤ እሳት ያነዳል፣ ቆርቆሮ ይመታል። ሰው የሞተባቸው ሌሊቶች አሉ። ዝሆን የተገደለባቸውም እንዲሁ።

በ2006 ዩኔስኮ የሐረር ጀጎልን በዓለም ቅርስነት መዘገበ። መዝገቡ 82 መስጊዶችንና 102 የወልይ መቃብሮችን ይቆጥራል። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ከግንቡ ብዙም በማይርቀው ቆላ አንድ የጀርመን ኩባንያ ለነዳጅ የሚሆን ጉሎ ሊያለማ ብዙ ሺህ ሄክታር ተሰጠው። ከተሰጠው መሬት አብዛኛው በዝሆኖቹ መጠለያ ውስጥ ነበር። ለአየር ንብረት ይጠቅማል በተባለ ነዳጅ ስም ቁጥቋጦው በማሽን ተመነጠረ። የተፈጥሮ ተቆርቋሪዎች ጮኹ፤ ጩኸታቸው ከአገር ውጭም ተሰማ። ጉሎው እንደታሰበው አልሆነም፤ ኩባንያውም ጥሎ ወጣ። ይህን ጉዳይ በቁጣ ነው የማስታውሰው። ባለሀብቱን ብቻ መውቀስ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ፈቃዱን የሰጠው እጅ የመጠለያውን ካርታ አላየም፤ ወይም አይቶ ካርታው ሕግ ስላልሆነ ቸል ብሎ አለፈው። የ1970 ጉድለት በ2007 ዋጋውን አስከፈለ።

ከዚያ በኋላ ሕጉ ጠበቅ አለ። የዱር እንስሳት አዋጅ በ2007 ወጣ፤ በ2008 ደግሞ የኢትዮጵያ የዱር እንስሳት ልማትና ጥበቃ ባለሥልጣን ተቋቋመ። መጋቢት 20 ቀን 2015 አዲስ አበባ ውስጥ 6.1 ቶን የዝሆን ጥርስ በአደባባይ ተቃጠለ። በዚያው ዓመት እስከ 2025 የሚዘልቅ አገር አቀፍ የዝሆን ጥበቃ ዕቅድ ይፋ ሆነ። በመላ አገሪቱ የቀረው ዝሆን ከ2,000 እንደማይበልጥ በጊዜው ተነግሯል። ያ እሳት የሚያስፈልግ ነበር፤ ገበያው ላይ የተጣለ ግልጽ ቃል ነበር። ከምኒልክ ግብር እስከ ራምቦ ጆንያ ድረስ በሐረር በር ያለፈውን ጥርስ ለሚያስብ ሰው ደግሞ ክምሩ ሲነድ ማየት ከዜና በላይ ነው።

የሸለቆው ችግር ግን ጥርስ ብቻ አልነበረም። በ2017 በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች ወሰን ላይ ግጭት ተነሣ። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቤታቸውን ጥለው ተሰደዱ፤ ብዙዎቹም ወደ ምሥራቅ ሐረርጌና ወደ ሐረር መጡ። መጠለያው በሁለቱ ክልሎች ላይ የተዘረጋ ነው፤ ስለዚህ ግጭቱ ከአጠገቡ አላለፈም፤ በመሐሉ ሄደ። የተፈናቀለ ሰው ጎጆ ይቀልሳል፤ ለጎጆው እንጨት፣ ለልጆቹ እንጀራ ያስፈልገዋል፤ ከሰል አክስሎ ይሸጣል። ይህን ሰው የዝሆን ጠላት ማለት ግፍ ነው። ስካውቱም ደመወዙ ትንሽ፣ የሚጠብቀው መሬት ሰፊ ነው፤ ሌሊት የሚገጥመው ደግሞ መሣሪያ የታጠቀ ሰው ሊሆን ይችላል። በአገራችን በዚህ ሥራ ላይ ሕይወታቸውን የሰጡ ስካውቶች አሉ። ስማቸው የትም አደባባይ ላይ አልተጻፈም፤ መጻፍ ነበረበት።

አሁን ሥራ የሚያስፈልገው ቦታ በግልጽ ይታወቃል። ዝሆኑ በኤረርና በጎበሌ መካከል የሚሻገርበት መሬት ጠባብ ነው፤ በፈዲስ፣ በሚደጋና በባቢሌ ወረዳዎች በኩል ያለው ገበሬ መሻገሪያው የት የት እንደሆነ ከማንኛውም ካርታ በተሻለ ያውቃል። ያንን መሬት ለይቶ ማስቀረት፣ ከመሻገሪያው ላይ ለሚነሣው ሰው ውሃ ያለው ምትክ መሬት መስጠት፣ ሰብሉ ለተበላበት ካሣ መክፈል፣ የኦሮሞና የሶማሌ ሽማግሌዎች በአንድ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ወሰኑን ራሳቸው እንዲናገሩ ማድረግ ነው የቀረው። ከዘመናት በፊት የሐረር ሰዎች ለጅብ ያደረጉት ይህንኑ ነበር፤ የሚያልፍበትን ቀዳዳ ተዉለት። የባቢሌ ዝሆን የሚፈልገው ቀዳዳ ግን በኪሎ ሜትር የሚለካ ነው፤ በየክረምቱ ማረሻ እየገባበት ይጠባል፤ የአሥር ዓመቱ ዕቅድ ዘመንም አልቋል።